ከአቶ ዘውዴ በር አልነሣ ያለችው መኪና

ሰው የሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ በሰው ላይ የየራሳቸው እምነት ያላቸው ይመስለኛል። ወንበር፣ ሰው ሊቀመጥበት እንጂ ቆሞበት አምፖል ሊቀይር እንደማይመጣ ያምናል። ጃንጥላ፣ ከወጣበት ቤት ተመልሶ እንደሚገባ ያምናል። ከሁሉም ይልቅ አንጀቴን የሚበላው ግን የመኪና ማስጠንቀቂያ ደወል እምነት ነው። ይህ ምስኪን ዕቃ በሩቅ አገር፣ ወለሉ እንደ መስተዋት በሚያበራ ፋብሪካ ውስጥ፣ ነጭ ጓንት ባጠለቁ ሰዎች እጅ ሲገጠም የተነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “አንተ ደውል፤ ሰውየው ይሰማሃል።” መርከብ ተሳፍሮ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ በተሳቢ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ ነው እውነቱ የሚገለጥለት።

እውነቱም እንዲህ ነው። እኛ ማስጠንቀቂያን አንጠላም፤ እንለምደዋለን እንጂ። በመሪ ኮንዶሚኒየም የምኖርበት ሕንጻ ሥር ከሚያድሩት መኪናዎች መካከል የአንደኛው ባለቤት፣ ቀበቶ እሰር እያለ የሚነዘንዘውን ድምፅ ለማስቆም የቀበቶውን ምላስ ብቻ ለብቻው ገዝቶ ሶኬቱ ውስጥ ሰክቶታል። ቀበቶ የሌለው ምላስ! መኪናዋ ጌታዬ ታስሯል ብላ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ሌላው ደግሞ የሞተሩ ቀይ መብራት ዓይኑን ስለረበሸው የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን ስቲከር ለጥፎበት ነበር። ሞተሩ የተቃጠለ ዕለት ስቲከሩ ደኅና ነበር።

እናንተም ብትሆኑ እስኪ ደረታችሁ ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ ንገሩኝ። አሁን በዚህ ሰዓት፣ መኪና ያላችሁ በመኪናችሁ፣ የሌላችሁ በማቀዝቀዣችሁ ወይም በስልካችሁ ላይ፣ “እሱ እንኳ ልማዱ ነው” ብላችሁ የተዋችሁት አንድ የሚጮኽ ወይም የሚያበራ ነገር የለም? አለ። ግድ የለም፣ አልናገርባችሁም።

የእኔዋ መኪና ዕድሜዋ የገፋ ጃፓን ሠራሽ ናት። ትክክለኛ ዕድሜዋን መናገር ለሴት ልጅ እንደማይገባ ሁሉ ለእርሷም አይገባም። እንደ ዛሬዎቹ መኪናዎች አታወራም፣ ስክሪን የላትም፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ሥዕል አታሳይም። ያላት አንድ ትንሽ ደወል ነው። ድምፁ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በሻይ ማንኪያ የብርጭቆ ጠርዝ የሚመታ ሰው ያለ ይመስላል፤ ቲንግ… ቲንግ… ቲንግ። ይህችን ድምፅ የምታሰማው ቁልፉ በቦታው እንዳለ በር ሲከፈት፣ ወይም መብራት ሳይጠፋ በር ሲከፈት ነው። ከዚህ ውጭ ዝም ናት። እኔ ደግሞ፣ አለመታደል ሆኖ፣ የተነገረኝን የምሰማ ሰው ነኝና ለብዙ ዓመታት እርሷ ስትደውል እኔ እያጠፋሁና እየዘጋሁ፣ ከብዙ ትዳር በተሻለ ስምምነት ኖረናል።

ስምምነቱ የፈረሰው ሽማግሌ ሆኜ በሄድሁባት ቅዳሜ ነው።

የእኅቴ ልጅ ዮናስ መገናኛ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። እዚያው አብራው የምትሠራ ሰላም የምትባል ልጅ ወደደ፤ ወደደችው። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ዘውዴ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ሲሆኑ፣ እንጦጦ ሥር፣ ጉራራ ዳገቱ ላይ ይኖራሉ። ዕድሜ ልካቸውን አርፍዶ የመጣ ተማሪ በር ላይ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ተማሪው ቀረ እንጂ መመለሱ አልቀረም። ከወራት በፊት የዮናስ ታላቅ አጎት በአባቱ በኩል፣ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናውን አስነሥቶ፣ ከእርሱ የማይተናነሱ ባለክብር ሰዎች አስከትሎ ለሽምግልና ሄዶ ነበር። ጉዳዩን ከመጀመሩ በፊት ስለ መኪናዋ ጀመረ። “አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሐዋሳ ትደርሳለች” አለ። አቶ ዘውዴም፣ “እንግዲያው ሐዋሳ ሂዱባት” ብለው በሩን አሳዩአቸው።

ከዚያ በኋላ ሰላም ለዮናስ የነገረችው ነገር ቀላል አልነበረም። አባቷ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ይሰማሉ፤ እነዚህም ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ግን የዮናስ ስም በዚያ ቤት ዳግመኛ አይነሣም። ያለ አባቷ ፈቃድ ደግሞ እርሷ አታገባም። ልጁ ከስቶ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ጋር ተቆራርጦ ነበር። እኅቴ እያለቀሰች መጣች። ሰላምም በዮናስ በኩል አንድ ምክር ላከች፦ “ጋሼ ይምጡ፤ በዚያችው በአሮጌዋ መኪና።”

ሁለት ሰዎች መረጥሁ። አንደኛው ከእኔ ቤት በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሐጂ ሰዒድ ናቸው። መገናኛ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሜትር ሲለኩ እንኳ ከአፋቸው ቃል አይወጣም፤ ገዢው ግን ውለታ የተዋለለት መስሎት አመስግኖ ይሄዳል። ሁለተኛው ጋሽ ጉደታ ናቸው። በወጣትነታቸው ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ በሹክሹክታ ሲናገሩ እንኳ ሰፈር የሚሰማቸው ሰው። አንደኛው ነገሩን ያለሰልሳሉ፣ ሌላኛው ያጠብቁታል፤ እኔ እነዳለሁ። እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል ለብዙ መሥሪያ ቤቶች በተመኘሁ።

ጠዋት በማለዳ መኪናዋን ላቫጆ ወሰድኋት። ሽማግሌ በቆሸሸ መኪና አይሄድም። ክረምት ስለነበር መሪ ላይ የታጠበ መኪና ቀበና ሳይደርስ በጭቃ እንደሚለወስ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ንጽሕና የሚለካው በመድረሻ ሳይሆን በመነሻ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። አጣቢውም የምንሄድበትን ሲሰማ ጉዳዩን የራሱ አደረገው። “ሙሽራ ነው የማስመስላት ጋሼ!” አለና በሮቹን ሁሉ ከፍቶ የውኃውን ጎማ በየስንጥቁ ለቀቀባት። ምርቃት እንጂ ጥፋት አልመሰለኝም።

ሐጂን ከፊት፣ ጋሽ ጉደታን ከኋላ ይዤ የሲኤምሲን መንገድ እንደያዝሁ ጀመረች። ቲንግ… ቲንግ… ቲንግ።

“ምንድን ነው እሱ?” አሉ ሐጂ።

“የበር ደወል ነው። መኪናዋ በር ክፍት ነው እያለች ነው።”

“ታዲያ ዝጋው!” አሉ ጋሽ ጉደታ ከኋላ።

“ተዘግቷል ጋሽ ጉደታ።”

“ተዘግቶ ከሆነ ምን አስዋሻት?”

ቆምሁ፤ በሬን ከፍቼ ዘጋሁ። አልተወችም። መገናኛ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለን ነገሩ የሕዝብ ጉዳይ ሆነ። ከጎናችን የቆመው ሚኒባስ ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ፣ “ፋዘር! በር! በር ክፍት ነው!” አለኝ። ከወዲያኛው ወገን ያለች ሹፌር መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ “ቀበቶ ነው እሱ፣ የእኔም እንደዚያ ይላል” አለች። ከሚኒባሱ ውስጥ አንድ የማላየው ሰው፣ “ዘይት ይሆናል!” ሲል ሰማሁ። በዚህች ከተማ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሞልቷል፤ የመኪናን ሕመም የማያውቅ ግን አንድም ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

“ሁላችንም አንድ ላይ እንሞክር” አሉ ጋሽ ጉደታ፣ እንደ አዛዥ። በመገናኛ መሀል፣ ሙሉ ልብስ የለበሱና ጋቢ የደረቡ ሦስት ጎልማሶች በአንድ ድምፅ በራችንን ከፈትን፤ በአንድ ድምፅ ድርግም አደረግን። ትራፊክ ፖሊሱ ከሩቅ አየንና እጁን ወደ ቆቡ አነሣ። ሰላምታ ይሁን እከክ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ቲንግ… ቲንግ…

“ተወው፣ ራሱ ይደክመዋል” አሉ ሐጂ ሰዒድ፣ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ።

እኔ ግን እንዲሁ መተው አይሆንልኝም። ቀበና ድልድዩ አጠገብ ዳር ይዤ ቆምሁና ለሁለቱ ጓደኞቼ የነገሩን አካሄድ አስረዳሁ። ደወሏ የምትደውለው በታወቀ ምክንያት ነው፤ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ካስወገድን የቀረው ጥፋተኛ ነው። መብራቱን አየሁ፤ ጠፍቷል። ቁልፉን አወጣሁ፤ ዝም አለች። መልሼ ከተትሁ፤ ደወለች። እንግዲህ ቀሪው የበሩ ጉዳይ ነው። ጋሽ ጉደታ፣ “በዚህ ዓይነት ልጅቷ አያት ትሆናለች” አሉ።

መኪና ቆሞ ኮፈኑ ወይም በሩ ሲከፈት ሰው ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። መጽሐፍ ቅዱሷን በላስቲክ ጠቅልላ የያዘች ወጣት ጠጋ ብላ፣ “ጋሼ፣ ባትሪውን ነቅለው ይመልሱት። ስልኬ እንደዚህ ሲሆንብኝ አጥፍቼ ነው የማበራው” አለችኝ። አንድ ወፍራም ሰው ምንም ሳይናገር ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ከድልድዩ ማዶ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎልማሳ ፒንሳውን ይዞ መጣ።

“ገመዱን ልቁረጠው?”

“መጀመሪያ መንሥኤውን እንፈልግ እንጂ።”

“ጋሼ፣ የሚረብሽዎ ድምፁ ነው አይደል?”

“ነው።”

“እኔም የምቆርጠው ድምፁን ነው።”

የከተማችን ፍልስፍና በሙሉ በዚህ ሰው መልክ ፒንሳ ይዞ የቆመ መሰለኝ። አልፈቀድሁም። ይልቅስ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለችውን፣ በሩ ሲዘጋ የምትጫን ትንሽ አዝራር በጣቴ ብነካት ከሥሯ ውኃ ተንጠባጠበ። ላቫጆ! በሩ ቢዘጋም ውኃው ገመዶቹን ስላገናኛቸው መኪናዋ በሩ ተዘግቷል ብላ ማመን አቅቷታል። ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ ደረቴ በጥቂቱ ነፋ ቢል ይቅር በሉኝ። ይሁንና አዝራሯን ፈትቶ ለማድረቅ ቡሎኗ ዝጋለች፤ ጊዜ ይፈልጋል። ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ። ከአቶ ዘውዴ ጋር የተቃጠርነው ለአራት ሰዓት ነው፤ አርፍዶ ለመጣ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ ተናግሬአለሁ።

“ቁልፍ ስታወጣ ዝም ትላለች አላልህም?” አሉ ሐጂ። “ስንደርስ ታወጣዋለህ። በቃ።”

በቃ። ወጣን።

ከቀበና ወደ ጉራራ ሲወጣ በክረምት እንጦጦ ጉሙን ወደ ታች ይለቀዋል። ያን ዕለት ከፊታችን የሚሄደው አህያ እንኳ ጅራቱ ብቻ ነበር የሚታየን። የፊት መብራቴን አበራሁ። ደወሏ መደወሏን አላቋረጠችም፤ ጋሽ ጉደታ ግን በእርሷ ምት መዝሙር ማንጎራጎር ስለጀመሩ እንደ መጀመሪያው አላስጨነቀችኝም።

አቶ ዘውዴ ሰዓታቸውን እያዩ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። የመኪናዋን አፍንጫ አጥሩ ላይ በተጠመጠመው ሐረግ ውስጥ አስገብቼ አቆምሁና ቁልፉን አወጣሁ።

ቲንግ… ቲንግ… ቲንግ።

አመክንዮው ግልጽ ነበር፤ አሁን ያለ ቁልፍም ስለምትደውል ውኃው ጠልቆ ገብቷል ማለት ነው። ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን ልከፍት ጎንበስ ስል ሐጂ ሰዒድ ክንዴን ጨብጠው አወጡኝ። “ና ወዲህ። ለሰው ልጅ ነው የመጣነው።”

ገባን። የሽምግልናን ወግ ታውቁታላችሁ፤ ባለቤቱ ለምን እንደመጣን ያውቃሉ፣ እኛም እንደሚያውቁ እናውቃለን፣ ሁላችንም የማናውቅ መስለን እንጨዋወታለን። “ተቀመጡ” አሉ። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አልን። “ተቀምጣችሁም ይሰማል” አሉ፤ ተቀመጥን። በዚህ መካከል ከውጭ፣ በጉሙ ውስጥ፣ የሻይ ማንኪያዋ ድምፅ ይመጣል። አቶ ዘውዴ ጆሯቸውን ሰጡ፤ ለአንድ ርእሰ መምህር ደወል ደወል ነው።

“ያ ምንድን ነው?”

“ይቅርታ፣ መኪናዬ ናት።”

“ምን ትላለች?”

“በር ክፍት ነው ትላለች።”

“ተሳስታለች” አሉ አቶ ዘውዴ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቃለ መጠይቅ ሳይሆን ፈተና ነበር። የልጁን ትምህርት፣ የልጁን ጠባይ፣ የልጁን የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር ጠየቁ። ሐጂ እያለሰለሱ፣ ጋሽ ጉደታ እያጠበቁ፣ እኔ የተዛባውን እያረምሁ ብዙ ሰዓት ሄደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ጥግ ተቀምጠው፣ ባላቸው አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከውስጠኛው በር መጋረጃ ሥር የሰላም ጫማ ይታየኛል፤ ጨዋታው በተጠማዘዘ ቁጥር ጫማው ይንቀሳቀሳል። የደወሉ ድምፅ ደግሞ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ጠፋ። ደረቀ ማለት ነው፣ አልሁ በልቤ፤ ደስም አለኝ።

አቶ ዘውዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “መልካም። እናስብበትና እንጠራችኋለን።”

ይህ ዐረፍተ ነገር ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ “ሂዱ” ማለት ነው። የመጋረጃው ሥር ጫማ ዞረና ሄደ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ጋሽ ጉደታ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አጡ። ተነሣን፤ አቶ ዘውዴም እንደ ጨዋ ሰው እስከ ውጭ በር ድረስ ሸኙን። መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን አዞርሁ።

ቅጭ።

ደግሜ አዞርሁ። እርሱንም አላለች። ባትሪው ሞቷል። ይገፋ እንዳልል አውቶማቲክ ናት፤ በግፊት አትነሣም። የሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ማገናኘት ያስፈልጋል።

እንግዲህ አስቡት። የአገራችን ባለቤት፣ የሸኘው እንግዳ ከዓይኑ ሳይሰወር ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ነውር ነው። እንግዳው ደግሞ መሰወር አልቻለም። አቶ ዘውዴ በራቸው ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ፤ እኛም ወርደን ፊት ለፊታቸው ቆምን። ተያየን። ጉሙ ወደ ካፊያ ተለወጠ። ወይዘሮ አስካለ ጃንጥላ ይዘው ወጡና ለሐጂና ለጋሽ ጉደታ ዘረጉላቸው። ባላቸው ሲረጥቡ ዞር ብለው አላዩም።

በዚህ ጊዜ የእድር ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ በዚያ አለፉ። አዩን። ቆሙ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ የሴት ልጅ አባት በር ላይ፣ በዝናብ፣ አንሄድም ብለው የቆሙ! በእርሳቸው ዘመን ይህ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

“ኧረ በሕግ! አቶ ዘውዴ፣ ሽማግሌ በዝናብ ያስቆማሉ?”

“እኔ ምን አደረግሁ? ጉዳዩን ጨርሰን ሸኝቻቸዋለሁ።”

“ታዲያ እሺ ሳይባሉ የት ይሄዳሉ? እንዲህ ያለ ሽማግሌስ የት ይገኛል ዛሬ! የአሁኖቹ ‘እናስብበታለን’ ሲባሉ ተፈትልከው ነው የሚሄዱት!”

“እመቤቴ፣ ባትሪው ነው እንጂ…” ብዬ ስጀምር ሐጂ ሰዒድ ጫማዬን ረገጡኝ። ለጨርቅ ነጋዴ የማይጠበቅ ክብደት አላቸው።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ‘እሺ በሏቸው’ ይላል፣ ሌላው የጋሽ ጉደታን ጋቢ ከጭቃ ያነሣል። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና በዚያ ሲያልፍ አስቁሜ ከሹፌሩ ኬብል ብጠይቅ፣ “ጋሼ፣ እኔ ራሴ የምሰካበት ፍለጋ ነው የምዞረው” ብሎኝ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። ይህን ሁሉ አቶ ዘውዴ ከግንባራቸው ውኃ እየጠረጉ ያያሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

“እናንተ ሰዎች በእውነት ልትሄዱ አይደለም?”

“መሄድ አልቻልንም” አልሁ። ከዚህ የበለጠ እውነት በዚያ ቀን አልተናገርሁም።

አቶ ዘውዴ ዙሪያቸውን አዩ፤ ጎረቤቱን፣ ባለቤታቸውን፣ በመስኮት የምታየዋን ልጃቸውን። ከዚያም ትምህርት ቤት ሙሉ የሚሰማው በነበረው ድምፃቸው፣ “እሺ! ሰጥቻለሁ! ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ!” አሉ። ወይዘሮ ብርቄ እልልታውን ለቀቁት። ሰላም ጫማ ሳታደርግ ጭቃው ላይ ሮጣ መጥታ የአባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ ጉደታ ድምፃቸው ተመልሶ ምርቃቱን ሲጀምሩ ከዳገቱ ማዶ ውሻ ጮኸ።

እዚህ ላይ ብተው ምን ነበረበት? አልተውሁም። አንድ አባት ባልሆነ ነገር ላይ ተመሥርቶ ልጁን ሲሰጥ ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። “አቶ ዘውዴ፣ አንድ ነገር ላስረዳዎ ይገባል” አልሁና እጃቸውን ይዤ ወደ መኪናዋ ወሰድኋቸው። ሐጂ ሰዒድ ዓይናቸውን ጨፍነው የሆነ ነገር አነበነቡ።

አቶ ዘውዴ በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቁልፉን አዞሩ፤ ምንም። እንደገና አዞሩ፤ ምንም። ዓይናቸው ከመሪው ጎን ወዳለው የመብራት ማብሪያ ሄደ። የእኔም ተከትሎት ሄደ። በርቷል። በጉሙ ምክንያት አብርቼው፣ ሐረጉ ውስጥ የገባው መብራት ሳይታየኝ፣ እንዳለ ትቼው ገብቻለሁ። ለካ እዚህ ቁልፉን ካወጣሁ በኋላ ስትደውል የነበረው ስለ ውኃው ብቻ አልነበረም፤ “መብራቱን አጥፋ” እያለችኝ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ያለ ምክንያት ስትደውል ስለሰማኋት፣ በምክንያት ስትደውል አላመንኋትም።

አቶ ዘውዴ ማብሪያውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። የዮናስና የሰላም ትዳር በዚያ መኪና ውስጥ፣ በአንድ ርእሰ መምህር ሁለት ቅንድቦች መካከል ተንጠልጥሎ ነበር። ውጭ እልልታው አላቆመም። እጃቸውን ዘረጉና ማብሪያውን በአንድ ጣት፣ ቀስ ብለው አጠፉት።

“ይህን ማን ያውቃል?” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“እኔና እርስዎ።”

“ሐጂስ?”

“ሐጂ የሚያውቁትን አይናገሩም።”

በመስታወቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። “ያለፉትን ሽማግሌዎች ከመለስሁ ወዲህ ሰፈሩ ሲያማኝ ከርሟል። አስካለ አኩርፋለች። ልጄ ምሳ አብራኝ አትበላም። ዛሬ ‘እናስብበታለን’ ያልሁት አፌ ለምዶት ነው እንጂ ልቤ ሌላ ነበር። አንዴ ከተናገርሁ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልመልሰው?” የመኪናዋን ዳሽቦርድ እንደ ጥሩ ተማሪ ትከሻ መታ መታ አደረጉት። “ባትሪ ነው ብላችሁ ስሜን እንዳታጠፉት። ሽማግሌዎቹ አልነሣ አሉኝ፤ እኔም ተሸነፍሁ። ነገሩ ይኸው ነው።”

ነገሩ ይኸው ነው አልሁና በሩን ከፍቼላቸው ወረዱ። ኬብል ያለው የጭነት መኪና እስኪገኝ ድረስ ምሳ አበሉን።

በሠርጉ ዕለት አቶ ዘውዴ ማይክራፎን ይዘው፣ በዕድሜያቸው እንደ እኛ ያለ ቆራጥ ሽማግሌ እንዳላዩ ለእንግዳው ሁሉ መሰከሩ። ከዚያ ወዲህ በመሪና በአካባቢው ስማችን ገነነ። ልጅ ያለው ሁሉ እኛን ይላል። እኔም ለዚህ ክብር የሚመጥን መኪና ይኑረኝ ብዬ የበሯን አዝራር አስቀየርሁ፣ ገመዶቿን አስፈተሽሁ፣ አዲስ ባትሪ ገዛሁላት። ባለፈው ሰሞን ለአንድ ጎረቤታችን ልጅ ሲኤምሲ ሄድን። ሐጂ አለሰለሱ፣ ጋሽ ጉደታ አጠበቁ፣ እኔም የተዛባውን አረምሁ። የልጅቷ አባት በታላቅ ትሕትና፣ “እናስብበትና እንጠራችኋለን” አሉን፤ እስከ በር ሸኙን። ቁልፉን ገና ስነካው መኪናዋ ተነሣች። ሰውየው እጃቸውን አውለበለቡልን፤ እኛም አውለበለብንላቸው።

መሪ መታጠፊያ ደረስን። ከዚያ ሐጂ ሰዒድ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ “ባትሪውን ማን ቀይረው አለህ?” አሉኝ።